ዘመድ የሌለን ከተማ ሄደን በባቡር የተመለስን ጊዜ

ልጃችን ትኬቶቹን በስልኳ ስታሳየን ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ሃሊፋክስ ማን ሞተ?» አላት።

ቀልዱን አልነበረም። ቶሮንቶ ከገባን ጀምሮ፣ ልጆቻችን ተወልደው ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርሱ ድረስ፣ ከከተማው የወጣነው ወይ ለሰርግ ወይ ለክርስትና ወይ ለለቅሶ ነው። ኦታዋ ለሰርግ፣ ካልጋሪ ለለቅሶ፣ ዋሽንግተን ለሁለቱም ሄደናል። የሄድንበት ሁሉ ኤርፖርት የሚቀበለን ሰውና ሳሎን ውስጥ የሚነጠፍልን ፍራሽ ነበረን። ሃሊፋክስ ግን የምናውቀው አንድም ሰው የለም።

«ማንም አልሞተም ዳዲ» አለችው። «ቫኬሽን ነው። ጀስት ቫኬሽን። በፕሌን ትሄዳላችሁ፣ በባቡር ትመለሳላችሁ። ባቡሩ አልጋ አለው።»

«ማን ዘንድ ነው የምናርፈው?»

«ሆቴል።»

«ሆቴል» አለ እሱ ቀስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደቀመሰው ምግብ እያላመጠ። ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ግን አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር ሻይ የምቀዳ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እነሱ ዘንድ የዕረፍት ሳምንት የሚመረጠው በሲኒየሪቲ ስለሆነ በጋውን ነባሮቹ ይወስዱትና ለእሱ የሚደርሰው ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ነበር። ዕረፍት ማለት ለእሱ ደጅ ላይ በረዶ መዛቅ ነው። ዘንድሮ ግን ተራው ደርሶ የኦገስት መጨረሻ ወጣለት። ፍልሰታም ተፈትቷል። እኔ ዳንፎርዝ ላይ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ አስተካክላለሁ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሰርግ ቀሚስ አጠባለሁ። አለቃዬም «ሂጂ፣ ክምሩ ይጠብቅሻል» ብሎ ለቀቀኝ። ስለዚህ ሰበብ የሚሆነን ነገር አልተገኘም።

ችግር የመጣው በሻንጣው በኩል ነው። ትኬቱ የረከሰው ከመቀመጫው በቀር ሁሉም ነገር ለብቻው ስለሚከፈልበት ነው። የተፈቀደልን ከወንበር ሥር የምትገባ አንዳንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት። ልጃችን መጠኗን በእጇ ስታሳየን ባለቤቴ «ይቺ እኮ የምሳ ዕቃዬን አትችልም» አለ። ለሻንጣ ይከፈል ብንለው ደግሞ በጄ አላለም። ሰው ተሳፍሮ ልብሱ የማይሳፈርበት አገር አይቼ አላውቅም ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ከስፌት ሌላ መላ አላውቅም። አሮጌ የዝናብ ካፖርቱን ከቁም ሳጥን አወጣሁና ገበሩን ፈትቼ ከብብቱ እስከ ጉልበቱ ድረስ ኪስ በኪስ አደረግኩት። አንዱ ኪስ ለካልሲ፣ አንዱ ለሸሚዝ፣ አንዱ ለእኔ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ለጢም መላጫው። ግራና ቀኝ ያሉትን ትልልቆቹን ዳቦ ቆሎ ሞላኋቸው። ለብሶት መስታወት ፊት ሲቆም እንደ ክረምት ድብ አብጦ ነበር። ዞር ዞር ብሎ ራሱን አየና «ደህና ነው፣ ትንሽ የወፈርኩ ነው የሚመስለው» አለ።

ኤርፖርት ስንደርስ የዘነጋነው ነገር መኖሩ ታወቀን። ፍተሻው ጋ ካፖርት ይወልቃል። አውልቆ የፕላስቲክ ሳፋው ውስጥ ሲያኖረው ድም አለ። ጓንት ያጠለቀች ወጣት ፈታሽ ካፖርቱን ወደ ጎን ወሰደችና ኪሶቹን በየተራ ትከፍት ጀመር። ካልሲ አወጣች። ነጠላ ጫማዬን አወጣች። ሸሚዝ፣ ፎጣ፣ ሌላ ካልሲ። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን እያሰገጉ ያያሉ። እኔ የማላውቀው ሰው መሆን አምሮኝ ነበር። በመጨረሻ ዳቦ ቆሎው ጋ ስትደርስ አንዷን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አነሳቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መክሰስ ነው» አላት ባለቤቴ። «ከፈለግሽ ቅመሺ።»

አልቀመሰችም፤ ሥራዋ አይፈቅድላትም። ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ገበሩን ገልብጣ ስፌቱን አየች። «ይሄን ማን ሠራው?» ስትል ባለቤቴ ወደ እኔ ጠቆመ። «ጎበዝ ናት» አለችና ሁሉንም ነገር አንድ ባንድ ወደየኪሱ መለሰችልን። ከዚያ በኋላ ኀፍረቴ ጠፋና ቀና ብዬ ሄድኩ።

መቀመጫ መምረጥም ስለሚከፈልበት ኮምፒውተሩ እንደወደደ በትኖናል። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ሁለታችንም መሃል ወንበር። አውሮፕላኑ ተነስቶ ትንሽ እንደሄደ ከፊት በኩል የወረቀት ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አየሁ። እያንዳንዱ ሰው ይቀበልና ወደ ኋላ ዞሮ «ሰማያዊ ሻሽ ላደረገችው ሴት» እያለ ያቀብላል። አንዳንዱም መንገድ ላይ እጁን ይሰዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ከረጢቱ ሥር የቀረው ዳቦ ቆሎ ለአንድ ሰው መቆርጠሚያ ያህል ነው። ከአጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «የማን ነው?» አለኝ። የባሌ ነው አልኩትና ለእሱም አካፈልኩት።

ሃሊፋክስ በጭጋግ ተቀበለችን። ሆቴሉ ትንሽና ንጹሕ ነበር። የሆቴሉ ሴትዮ ገና ቁልፉን ሳትሰጠን ሎብስተር መብላት አለባችሁ አለችን። ታክሲ ነጂውም ብሎን ነበር፤ ቡና የሸጠልን ልጅም ደገመው። ለሁሉም «እሺ» አልን፤ እኛ ያን እግረ ብዙ የባሕር ፍጥረት እንደማንበላ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም። ዓሣና ድንች ጥብስ በወረቀት ገዝተን ባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ በላን።

በማግስቱ ጠዋት ምን እንሥራ ስለው ባለቤቴ ትንሽ አሰበና «አውቶቡስ እንሳፈር» አለ።

«የት ለመሄድ?»

«የትም። መጨረሻው ድረስ። አነዳዳቸውን ልይ።»

ከአውቶቡስ ለማረፍ መጥተን አውቶቡስ ልንሳፈር ነው ብዬ ተቆጣሁ። ተቆጥቼም ሄድኩ። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወንበር ያዘና ዳገቱን ሲወጣ፣ ኩርባውን ሲዞር፣ ቆሞ ሲያስወርድ በዝምታ ይከታተል ጀመር። አንዴ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። መጨረሻው ላይ ስንወርድ ከሹፌሩ ጋር ቆሞ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ክረምት ጎማ ተጨዋወቱ። ሹፌሩ ራሱ ነው ወደ ባሕሩ የሚወስደውን ሌላ መስመር ያሳየን። በዚያ መስመር ሄደን አሸዋ ላይ ደረስን፤ ጫማችንን አውልቀን ውሃው ውስጥ ገባን። ውሃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆሞ ሳየው፣ በሥራ ቀን ያለ ሥራ ቆሞ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አላስታወስኩም።

ባቡሩን የተሳፈርነው ዓርብ ነው። የደረሰን ክፍል ከላውንደሪው የልብስ መለኪያ ክፍል ብዙም አይበልጥም። ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ ሰፊ መስኮት፣ ጠባብ መጸዳጃ። «አልጋው የታል?» ብሎ ባለቤቴ ዙሪያውን ፈለገ። አስተናጋጁ፣ ፂሙን የተንከባከበ ረዥም ሰው፣ ማታ መጥቶ እንደሚዘረጋው ነገረን፤ አንዱ አልጋ ከታች አንዱ ከላይ፣ ወደ ላይኛው በመሰላል። ተያየን። ባለቤቴ ከሹፌርነቱ ያተረፈው የጉልበት ሕመም አለበት። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ቆሜ መጋረጃ መስቀል እንኳ የሚያዞረኝ ሴት ነኝ።

«እኔ እወጣለሁ» አለ።

«ወጥተህ ማን ያወርድሃል? እኔ ነኝ የምወጣው» አልኩት። እንደዚህ ስንከራከር ባቡሩ ሳናውቀው ተነስቶ ከከተማው ወጥቷል። ከመስኮቱ ውጭ ሐይቅና ጥድ፣ ጥድና ሐይቅ ይፈራረቅ ነበር።

እራት ላይ የምግብ ፉርጎው ውስጥ ጠረጴዛው ለአራት ሰው ስለሆነ ከማናውቃቸው ባልና ሚስት ጋር አስቀመጡን። በዕድሜ ከእኛ በጣም የሚበልጡ፣ ነጭ ፀጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ የኒው ብራንስዊክ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ድንች ገበሬ የነበሩ ሲሆን ዝምተኛ ናቸው። ሴትየዋ ግን ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ሞንትሪያል ያለች የልጅ ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ እየሄዱ ነበር። ወሬው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜያቸውን አይቼ በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የምሰማው።

አስተናጋጁ ሲመጣ ዛሬ ጾም ነው፣ ሥጋም ወተትም አልበላም አልኩት። «ቪገን ነሽ?» አለኝ። «እስከ ነገ ድረስ» አልኩት። ሴትየዋ በዚህ ሳቁና ጨዋታው ተጀመረ። ሥራችሁ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ እንደሚነዳ ነገራቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ» አሉት። «ከሁሉ የሚከብድህ የቱ ነው?»

በረዶው ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«በሩ» አላቸው።

«እኔንም በሩ ነበር የሚያስጨንቀኝ» አሉ ሴትየዋ። «የሕፃናቱን ስካርፍ ይይዝብኛል ብዬ።»

«እኔስ የምፈራው እርግማን ነው» አለ ባለቤቴ። ፈገግ ብሏል፤ ወደ እኔ ግን አላየም። «ሹፌር ከመሆኔ በፊት ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስካርቦሮ በሚሄደው አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ሽንኩርት የሞላ ከረጢት ይዛ በኋላው በር ልትወርድ ስትል በሩ ከረጢቷ ላይ ተዘጋ። ከረጢቱ ተቀደደና ሽንኩርቱ በአውቶቡሱ ውስጥ ተበተነ።»

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኔ ላይ መለስኩት።

«ሹፌሩ በሩን መልሶ ከፈተላት። እሷ ግን አልወረደችም። እዚያው በሩ ላይ ቆመች። እሷ ከቆመች አውቶቡሱ መሄድ አይችልም። ከዚያ በአገራችን ቋንቋ ለሹፌሩ ነገረችው። እናትህ አላሳደገችህም ወይ አለችው። በመጨረሻም፣ የገነት በር እንደዚህ ይዘጋብህ ብላው ወረደች። ያለችውን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬም በር ከመዝጋቴ በፊት መስታወቱን ሁለቴ የማየው ለዚያ ነው።»

ያን ቀን አውቀዋለሁ። አገሩ ከገባሁ የመጀመሪያው ክረምት ነበር። እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ፣ ሽንኩርቴ ተበትኖ፣ የመጣልኝን ሁሉ ተናግሬ ወርጄ እስከ ቤቴ ድረስ አልቅሼ ሄድኩ። ለማንም አውርቼው አላውቅም። የተጽናናሁት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያልኩትን የተረዳ ሰው የለም ብዬ።

«ታዲያ ለምን ተነስተህ አላገዝካትም?» አሉት ሴትየዋ።

«ጫማዬ ከእጥበቱ ርሶ፣ ልብሴ ቅባት ቅባት እየሸተተ ነበር። እንዴት ብዬ ልቅረባት? ደግሞ ፈርቻለሁ፤ እኔንም የምትረግመኝ መስሎኝ። ግን አንዷ ሽንኩርት ተንከባልላ እግሬ ሥር መጥታ ነበር። አንስቼ ቤቴ ይዣት ሄድኩ።»

እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሱት ድንች ገበሬ ቀና አሉ። «ሽንኩርቷን ምን አደረግሃት?»

«ከእንቁላል ጋር ጠብሼ በላኋት» አለ ባለቤቴ።

ሽማግሌው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሴትየዋ ግን ነገሩን አልለቀቁትም። ልጅቷስ ምን ሆነች አሉ። ባለቤቴ ለማውቀው ሐበሻ ሁሉ ጠየቅኩ አለ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሽንኩርት የምትገዛ ልጅ ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ። በመጨረሻ አንድ ጓደኛው፣ እገሌ ቤት ቤዝመንት የተከራየችው ሳትሆን አትቀርም፣ እሑድ ክርስትና ላይ ትመጣለች አለው። ማንም ሳይጠራው፣ ደጋሾቹን ሳያውቃቸው፣ ወንበር ተሸክሞ ገባ። ወንበር የተሸከመን ሰው ማን ጠራህ የሚለው የለም።

ይህን ክርስትና አውቀዋለሁ። እንዲያውም የእኔ ታሪክ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ የማወራው፤ አንድ ዝምተኛ ልጅ ወንበር ሲደረድር አይቼ፣ ማን ነው ብዬ ጠይቄ፣ እጅ ሊያስታጥብ መጥቶ እጅጌዬን በውሃ እንዳራሰው፣ እኔ ቀድሜ እንዳናገርኩት። ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «ዛሬ ከእርስዎ እኩል መስማቴ ነው።»

ባለቤቴ ዓሣውን ይቆራርጥ ጀመር፤ እሱ ዓርብም ቢሆን ዓሣ ይበላል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ አልጋዎቹ ተዘርግተዋል። እሱ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘልኝ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። ላይኛው አልጋ ከመውደቅ የሚያግድ ማሰሪያ ነበረው፤ ስፌቱን ነካክቼ ጠንካራ መሆኑን ሳይ ልቤ ተረጋጋ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለኝና ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። አልጋው ተንቀጠቀጠ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ከታች።

«ምንም። ተኛ።»

ባቡሩ እንደ ትልቅ አንቀልባ እያወዛወዘ ወሰደን። እንዲህ ዓይነት እንቅልፍ ቤቴም ተኝቼ አላውቅም።

ጠዋት ጣሪያው መስታወት የሆነው ፉርጎ ውስጥ ወጥተን ቁጭ አልን። በግራችን የእርሻ መንደሮች፣ በቀኛችን ሰፊ ወንዝ፤ የቤተ ክርስቲያን ጫፎች ከሩቅ ብልጭ ይላሉ። ቡናችንን እንደያዝን ጠየቅኩት።

«ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?»

ብርጭቆውን በመዳፎቹ መሃል አዟዟረው። «ያንቺ ታሪክ ያምራል» አለ። «ስታወሪው ሰው ሁሉ ይስቃል። አንቺም ደስ ይልሻል። የኔን ባወራው፣ መጀመሪያ ያየሁሽ ተቆጥተሽ፣ ተዋርደሽ ነው ማለት ነው። ታፍሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ትናንትስ?»

«እንግሊዝኛ ነዋ። እንግሊዝኛ ላይ ሰው ደፋር ይሆናል።»

መጀመሪያ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። የራሴ የነበረ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ቡናውን እየጠጣሁ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በዚያ ክረምት፣ ከዚያ አውቶቡስ ወርጄ በረዶው ላይ እያለቀስኩ ስሄድ፣ ማንም የለኝም ብዬ ነበር የምሄደው። ለካ አንድ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኔን ሽንኩርት ይዟል።

«ቢያንስ ጨው ነበራት?» አልኩት።

«ማን?»

«ሽንኩርቷ።»

«በጣም ጣፋጭ ነበረች» አለኝ ኮስተር ብሎ።

የዕቃ ባቡር እናሳልፍ ተብሎ መንገድ ላይ ብዙ ስለቆምን ሞንትሪያል ዘግይተን ገባን። የቶሮንቶው ባቡር ሄዷል፤ ግን በሚቀጥለው አሳፈሩን። ሽማግሌዎቹ የሚቀበላቸው ሰው እስኪመጣ አብረናቸው ጠበቅን። የልጅ ልጃቸው ባል ጨቅላዋን አቅፎ መጣ። ሴትየዋ ሕፃኗን ሊስሙ ከመቸኮላቸው የተነሳ ሳይሰናበቱን ሄደው ነበር፤ ተመልሰው መጥተው እኔን አቀፉኝ። ድንች ገበሬው የባለቤቴን እጅ ጨብጠው ለረዥም ጊዜ ነቀነቁት።

ቶሮንቶ ስንደርስ መሽቷል። ልጃችን ጣቢያው ድረስ መኪና ይዛ መጥታ ነበር። መንገዱን ሁሉ «ሶ? ሃው ዋዝ ኢት?» እያለች ጠየቀችን። አባቷ ስለ ሃሊፋክስ ሹፌሮች ፍሬን አያያዝ ነገራት፤ እኔ ስለ መሰላሉ። ሌላውን ለጊዜው ለራሳችን አቆየነው።

ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ተሰናድቶ ነበር። ልጄ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሽሮ ሠርታ ጠበቀችን። እንደ እንግዳ አስቀምጣን፣ እጃችን ላይ ውሃ አፍስሳ፣ ቆማ አየችን። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ከሥሩም ትንሽ ይዟል። ባለቤቴ ጎረሰና ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ እሱ። ጨምሪልን አልናትና ድስቱን አጥርገን በላነው።